ፈተና የሌለበት ንባብ

«የዘመኑ ልጆች አያነቡም» የሚለው ወቀሳ በየወላጆች ስብሰባው ይደመጣል፤ ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው። ስልኩ ድርሻ የለውም አልልም። ይሁን እንጂ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ እጁ የሚገባው መጽሐፍ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ጥያቄና ውጤት ተከትሎት የሚመጣ ከሆነ፣ ማንበብን ከመፈተን ለይቶ የሚያይበት አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

ንባብ የሚያስደስተው ድካሙ ሲቀንስ ነው። 231 ሆሄያትን የለየ ልጅ ገና አንባቢ አይደለም፤ ፊደል በፊደል እየለቀመ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ተማሪውን በየንባብ ደረጃው፣ ከቁጥር ወደ ግእዝ፣ ከዚያም ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ የሚያሻግሩት ያንኑ ጽሑፍ ደጋግመው በማስነበብ ነው። የዛሬው ተማሪ ግን አንዱን ምንባብ እንደጨረሰ ወደ መልመጃው፣ ከመልመጃው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይነዳል። ስለዚህ ልጅ አንድን ተረት ለአምስተኛ ጊዜ ሲያነብ፣ ወይም ከዕድሜው በታች የሆነ መጽሐፍ ሲመርጥ፣ «ይሄማ የሕፃን ነው» ብሎ መንጠቅ ትልቅ ጉዳት ነው። የስፖርት ጋዜጣ ላይ የተጫዋቾችን ዝውውር የሚከታተል ልጅም እያነበበ ነው፤ ያልጣመውን መጽሐፍ መሐል ላይ የመተው መብትም ሊኖረው ይገባል። (እኛ አዋቂዎቹስ የጀመርነውን ሁሉ እንጨርሳለን?)

ማንበብ ለከበደው ልጅ ጆሮው ሌላ በር ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ ያዳመጠ ስንቱ ሰው ኋላ መጽሐፉን ፈልጎ አንብቧል። ወላጅ ማታ አሥር ደቂቃ ጮክ ብሎ ቢያነብና ታሪኩ ሲጥም ቢያቆም፣ ቀሪውን ልጁ ራሱ ይጨርሰዋል። የሚነበበውም ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ይመረጣል፤ ለእንግሊዝኛው ትምህርት ቤቱ በቂ ሰዓት ሰጥቶታል።

መጽሐፉ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የአራብሳ የስምንት ዓመት ልጅ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ ብቻውን አይሄድም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ ቆይተውም በሐዋሳ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ሲያዞሩ ያሳዩን፣ መጽሐፉ ልጁ ወዳለበት ሰፈር መሄድ እንዳለበት ነው።

በየኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው የጋራ ቤት አለ። ከፊሉ ተከራይቷል፤ ከፊሉ የእድር ድንኳንና ወንበር ይቀመጥበታል። እዚያው አንድ መደርደሪያ ማቆም፣ ልጆቻቸው ያደጉባቸው ቤተሰቦች ያስቀመጧቸውን መጻሕፍት መሰብሰብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱን የሚከፍት አንድ ጡረተኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መመደብ ከእድሩ አቅም በላይ አይደለም። መዝገቡ ላይ የልጁ ስምና የመጽሐፉ ርዕስ ብቻ ይጻፍ፤ ምን ተማርክበት ተብሎ አይጠየቅ። የሚጠፋና የሚቀደድ መጽሐፍ መኖሩ አይቀርምና፣ የእድሩ ኮሚቴ ለእሱ የሚሆን ጥቂት ብር ከወዲሁ ይያዝ። ቁልፍ ተቆልፎበት ንጹሕ ሆኖ ከሚቀመጥ መጽሐፍ ይልቅ ገጹ የተላላጠው ይሻለናል።