ማስተካከያ፦ ኬንያ የትምባሆ እርሻን አልከለከለችም

«ኬንያ ትምባሆ ማምረትን ከለከለች፤ ለገበሬዎቹም ነፃ ገንዘብ እየሰጠች ቦሎቄ አስዘራች» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። እገዳውም ነፃ ገንዘቡም ስህተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በሚጎሪ ካውንቲ ያለው የድጋፍ ፕሮጀክት ነው። ድርጅቱ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ)፣ ከዓለም የምግብ ፕሮግራምና ከኬንያ መንግሥት ጋር ያካሂደዋል። ትምባሆን በብረት በበለፀገ ቦሎቄ መተካት ነው ዓላማው።

ገንዘቡ ደግሞ አነስተኛ ብድር ነው፤ ይመለሳል። ብድር ለምን አስፈለገ? ብዙ ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ ከትምባሆ ኩባንያ በዱቤ ይወስዳል። ቅጠሉን ሲያስረክብ ደረጃ የሚያወጣለት ያው ገዢው ነው፤ ዕዳውም ከዋጋው ላይ ይቆረጣል። የተረፈው ካልበቃው ለከርሞም ይበደራል። ይህ ዕዳ ሳይዘጋ «ቦሎቄ ዝራ» ማለት ዋዛ ነው። ለዚህም ነው ፕሮጀክቱ ብድሩን ከሥልጠናና ከገበያ ጋር ያቀረበው፤ ከገዢዎቹ አንዱ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነው።

ጽሑፉን አይተው «እኛም አገር ይከልከል» ያሉ አሉ። ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. ያፀደቀችው ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ግን በአንቀጽ 17 ለአምራቾች የሚያዋጣ አማራጭ ማመቻቸትን እንጂ እርሻውን ማገድን አያነሳም።

ጽሑፉ ስለ ጤና ያለው፣ የትምባሆ ቅጠል ለቃሚውን ያሳምማል የሚለው፣ ግን ልክ ነው። ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ሲለቀም ኒኮቲኑ በቆዳ ይገባል፤ ያዞራል፣ ያስመልሳል።