ኬሚካል የሌለው ማር

«ጋሼ፣ ይሄን ማር ኬሚካል የሚባል ነገር አልነካውም!»

አለኝ ልጁ፣ ማንኪያውን አፌ ሥር አስጠግቶ። መጀመሪያ ያናደደኝ «ጋሼ» መባሌ ነው። እሱን እንደምንም ዋጥ አደረግኩት። ኬሚካሉን ግን መዋጥ አቃተኝ።

«ታዲያ ምን አለው?» አልኩት።

«ማር ብቻ!»

ማር እኮ በአብዛኛው ፍሩክቶስ፣ ግሉኮስና ውሃ ነው። ሦስቱም ኬሚካል ናቸው። ኬሚካል የሌለው ማር ማለት ባዶ ጣሳ ነው። እሱም ቢሆን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሞልቶታል። ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት ማንኪያውን አጎረሰኝ። ይጣፍጣል፣ ምን ይደረግ።

መጣፈጥ ሲነሳ የምወዳት ተረት አለች። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።» አያቴ ቡና ላይ ሳትናገራት አትውልም ነበር። ያውም ወደ እኔ እያየች። ኬሚስትሪ ስማር ግን በተረቷ ትንሽ ቅር አለኝ። ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም ድንጋይ ነዋ! አፋር በረሃ ላይ በመጥረቢያ እየተፈለጠ፣ እንደ ጡብ እየተጠረበ በግመል የሚጫነው አሞሌ ሌላ ምን ሊባል ነው? ወላጆቹ ደግሞ ይብሳሉ። ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይንጣጣል፣ ሲብስበትም ይፈነዳል። ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ፣ ኢፕር ላይ ጀርመኖች የለቀቁት መርዝ ጋዝ ነው። እነዚህ ሁለት ጉዶች ሲጋቡ ሽሮ ላይ የሚነሰነስ ጨዋ ልጅ ይወልዳሉ። አያቴ ይህን ብታውቅ ስንቱን ጋብቻ «ዘሩ ክፉ ነው» ብላ ባላፈረሰች።

ይህን ሁሉ ቤተ ሙከራ ገብቼ ያወቅሁት እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ነበረው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስብሰባ! አስተማሪያችን በጠመኔ ብርጭቆ ይስሉና «አሁን ሊትመስ የሚባለውን ወረቀት አሲድ ውስጥ ነከርነው፤ ቀይ ሆነ» ይሉናል። እኛም «ቀይ ሆነ» ብለን እንጽፋለን። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ለእኔ ነጭ ነው የሚታየኝ» አልኩ። ጠመኔው ነጭ ነበራ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተንበረከክሁ። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ጉልበቴ ግን እስካሁን ቂም ይዟል።

የሚገርመው፣ ቁልፍ የሌለው ቤተ ሙከራ እቤት ነበረን። የእንጀራ ዓይን ማለት እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያመልጥ ሲል የከፈተው መስኮት ነው። እንዶድም አለ። ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ኬሚካል ስላለው ነው እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አልፏል! ሁሉም ያየው አረፋውን ነው።

«ኬሚካል» ሲባል የሚደነግጡት ሰዎች ናቸው ደግሞ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅለው የሚደፉት። «እንዲበረታ ነው» ይላሉ። ይበረታል። የሚወጣው ያው የኢፕሩ ክሎሪን ነው። እያሳሉ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ ወጥተው «ኦርጅናል ነው ማለት ነው» ይላሉ። የተረፈውን በረኪና ደግሞ ውሃ በነበረበት ሃይላንድ ገልብጠው መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። ይሄ እንኳ አያስቅም። ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። ማር ላይ መርማሪ ሆኖ መርዝ ላይ እንዲህ መዝረክረክ ምን ይባላል?

ማሩ? አዎ፣ ገዛሁት። ሁለት ኪሎ። ልጁ ሂሳቡን ሲቀበል አንድ «ጋሼ» ጨመረልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«ኬሚካል የለውም አይደል?»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ጉልበቴን ጠዘጠዘኝ።

«የለውም» አልኩ።