ስለ ቪኤይት የቀረበ የመከላከያ ቃል

ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ የሚሄደውን ታክሲ በሚጠብቀው ሰልፍ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰነዘረው ሐሜት ከልክ እያለፈ ስለ መጣ፣ ማንም ሳይወክለኝና አበል ሳይቆረጥልኝ ለተበዳዩ ጥብቅና ለመቆም ወስኛለሁ። ተበዳዩ ቪኤይት፣ ማለትም ባለሥልጣን የሚሄድበት ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ትልቁ ላንድክሩዘር ነው። ሰልፈኛው፣ በተለይ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር፣ አንድ ሰው በኋላ ወንበር ላይ ተደላድሎ ስልኩን እየነካካ የሚያልፍበትን ያን ነጭ ተራራ ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ስለ ናፍጣው ያሰላል፣ ስለ ውጭ ምንዛሪው ያማርራል፣ «አንድ ሰው ለመጫን ይህ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ?» ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ቪኤይት የሚጭነው ሰውን ሳይሆን ማዕረግን ነው፤ ማዕረግ ደግሞ ሚዛን ላይ ባይወጣም ከባድ ዕቃ መሆኑን የተሸከመው ያውቀዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለተመለከተው፣ ሰውን ከነመቀመጫው የመመዘን ልማዳችን ትናንት የመጣ አይደለም። የቀድሞው ሹም ከቤቱ ሲወጣ ሠጋር በቅሎውን ግላስ አልብሶ፣ መጣብር አስሮ፣ ፊትና ኋላ አሽከር አስከትሎ ነበር፤ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ከግቢው አጥር ማዶ ቢሆን እንኳ በእግሩ መታየት ነውር ነበር። አሽከሮቹ በእግራቸው እኩል ይደርሱ ስለ ነበር በቅሎዋ ያተረፈችለት ጊዜ አልነበረም፤ የተቀመጠባት ለመድረስ ሳይሆን ለመታየት ነውና ማንም ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠረባትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አውቶሞቢል ሲገባላቸው በቅሎ ሥራዋን ያስረከበች የመሰላቸው ካሉ ተሳስተዋል፤ የለወጠችው ቆዳዋንና መኖዋን ብቻ ነው። የያኔዋ በቅሎ የምትበላው ሣር ከከተማው ዳር ይታጨድ ነበር። የዛሬዋ የምትበላው በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ በቦቴ ተጭኖ፣ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በዶላር ተከፍሎበት የሚደርስ ነው። እስቲ ከራሶቹና ከደጃዝማቾቹ መካከል ለበቅሎው ሣር ከባሕር ማዶ ያስመጣ ማን ነበር?

ስለ ፍጆታው የሚነገረውም ቢሆን የአነጋገር ችግር አለበት። የትንሿ የቤት መኪና የቪትዝ ባለቤት ሻይ ቤት ተቀምጦ «በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ሄደችልኝ» ብሎ ሲኩራራ ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጠዋል። ባለ 4.5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ መኪና በከተማው መጨናነቅ ውስጥ በሊትር 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር መሄዱ ሲነገር ግን ሰው ይስቃል። የመኪናው ሹፌር ይህን ቁጥር ሲናገር ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት ያዳመጠ ሰው ግን አይስቅም ነበር፤ ብዙ መብላት በእኛ ዘንድ የባለጠጋ ምልክት እንጂ የበሽታ ምልክት ሆኖ አያውቅም። ከዚህም በላይ ደግሞ የሚከፈለው ከባለወንበሩ ኪስ ሳይሆን ከበጀት ነውና፣ ለኃላፊው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ «በላይዎ የሚነፍሰው አየር በሜትር ስንት ነው?» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዓይን ምስክር ሆኜ መቅረብ እችላለሁ። በቀደም ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። ስገባ በደጃፉ የቆመው ቪኤይት ሞተሩ ይሠራ ነበር፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስወጣም ይሠራ ነበር (ጉዳዬ አላለቀም፤ ፈራሚው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ)። ሹፌሩን ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ለምን አታጠፋውም?» አልሁት። «ጋሼ፣» አለኝ በትሕትና፣ «እሳቸው ሲወጡ ውስጡ ሞቆ ካገኙት ተቆጥተው ነው የሚውሉት።» ቀዝቃዛ አየር እየነዛ የሚጠብቃቸው እንግዲህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፣ በሐምሌ ጋቢ በምታስደርብ ከተማ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ኤሲው ተከፍቶ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል ብንል፣ በሦስቱ ሰዓት ሦስት ሊትር ሄዷል ማለት ነው። በሦስት ሊትር ያ ቪትዝ 45 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የእኛው ቪኤይት ከቆመበት ድንጋይ ሳይነቃነቅ፣ ጎማው አቧራ ሳይነካው፣ ቢሾፍቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቆሞ ይህን ያህል የሚጓዝ መኪና ያላት አገር ስለ ትራንስፖርት እጥረት ልታማርር አይገባም።

የጸጥታ ጥቅሙንም መዘንጋት ተገቢ አይደለም። በካዛንቺስ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንደኛው በር ላይ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ጥበቃዎቹ ቪትዟን እንዴት እንደሚቀበሏት ማየት ይችላል፦ ኮፈኗ ይከፈታል፣ ኮሮጆዋ ይፈተሻል፣ ባለ እጀታው መስታወት በሆዷ ሥር ይገባል፣ ባለቤቷም «ወዴት ነው?» ይባላል። ቪኤይት ሲመጣ ግን በሩ ገና ከሩቅ ይበረገዳል፣ እጅ ወደ ግንባር ይወጣል፣ መስታወቱም ከግድግዳው ተደግፎ ያርፋል። የጥበቃው አመክንዮ ጥልቅ ነው። ይህን ያህል ዋጋ በወጣበት ዕቃ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ሊኖር አይችልም። ደግሞም መስታወቱ ያን ሁሉ ሆድ አያዳርስም።

የቪኤይት ወዳጆች ራሳቸው የሚያቀርቡት መከላከያ «ፊልድ» የሚለው ቃል ነው። አገሪቱ ተራራማ ናት፣ የገጠሩ መንገድ አስቸጋሪ ነው፣ ጭቃው ያሰምጣል ይላሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። ላንድክሩዘር በረሃና ረግረግ እንዲሻገር የተሠራ፣ ክብደቱ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሆነ፣ ለተራራ ለብቻው ማርሽ የተሰጠው መኪና ነው፤ ክረምት ላይ መድኃኒት ይዞ ወንዝ የሚሻገር ሰው ቢነዳው እኔም ከሰልፉ ወጥቼ አጨበጭብለታለሁ። ነገር ግን እኔ የማውቀው ፊልድ ወጪ ባለሙያ ወይ በአሮጌ ፒክአፕ ኋላ፣ ወይ በሞተር ብስክሌት ነው የሚሄደው። ቪኤይቱ የተመደበበት ፊልድ ከፍልውኃ እስከ እስጢፋኖስ ያለው በረሃ ነው። የተራራ ማርሹም ፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ ጤናው የተጠበቀ መሆኑን ሹፌሩ አረጋግጦልኛል።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንደሚባለው፣ ስለ ከተማው ሲጠየቅ ስለ ገጠሩ መመለስ የቆየ ጥበብ ነው።

መንገድ ይይዛል የሚባለውን በተመለከተ ራሴ ለመመዘን ሞክሬያለሁ። ቪኤይት ወደ አምስት ሜትር ይረዝማል፣ ወደ ሁለት ሜትር ይሰፋል፤ 12 ሰው ለመጫን ተፈቅዶለት ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ከዚያ በላይ የሚያጭቀው ሚኒባስ ከዚህ ያንሳል። አስፋልቱ ላይ የሚኒባሱን ያህልና ከዚያም በላይ ቦታ ይዞ አንድ ሰው ከነሹፌሩ ማስቀመጥ ብክነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዝምታውን አስባለሁ። በዚያ መኪና ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮኽ የለም፣ ሳንቲም አልመለስክልኝም የሚል የለም፣ ክርኑን ጎንዎ ላይ የሚያሳርፍ የለም። ስለ ከተማው ትራንስፖርት የሚያቅድ ሰው ያለዚህ ጸጥታ እንዴት ሊያስብ ይችላል? በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ቢፈልግ በስታዲየምና በሜክሲኮ በኩል ሲያልፍ በመስኮቱ ቀና ብሎ ያየዋል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን ልደብቅ አልችልም። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተተካው አዲሱ ላንድክሩዘር 300 ስምንት ሲሊንደር የለውም፤ ቤንዚኑም ናፍጣውም ስድስት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ያለ ምንም ሽኝት ጡረታ ወጡ። የከተማችን ሕዝብ ግን ውለታ አይረሳምና አዲሱንም «ቪኤይት» ብሎ መጥራቱን ቀጥሏል፤ ሹም ከሥልጣኑ ቢወርድም «ክቡርነትዎ» መባሉ እንደማይቀር ሁሉ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ሰልፈኛው «አለቀለት» ብሎ ተደስቶ ነበር። ደስታው አጭር ነበር። በአንድ በኩል ቀድሞ የገባው እንደ አሮጌ ብራና ክብሩ ጨመረ። በሌላ በኩል የኤሌክትሪኩም ዓለም ሰፊ ትከሻ እንዳለው ታወቀ፤ ሰው ከነዳጅ ማደያው ሰልፍ ወጥቶ በቻርጅ ሲጓዝ በእርግጥ ናፍጣው ይቀራል፣ የግድቡ ውኃም ከጅቡቲ አይመጣም፤ ነገር ግን አንድ ሰው በትልቅ ባትሪ ላይ ተቀምጦ በመስቀለኛው መንገድ ላይ የሚይዘው ካሬ ሜትር ያው ነው። በቅሎዋ መኖዋን ዳግመኛ ለወጠች፤ ግላሱ ግን አልወለቀም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ያን ዕለት ኃላፊው ከስብሰባቸው ወጥተው ወደ ሌላ ስብሰባ፣ በመስቀል አደባባይ አካባቢ ወዳለ አዳራሽ መሄዳቸውን ጸሐፊያቸው ነገረችኝ። አንዲት ፊርማ ነበረች የቀረችኝና፣ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በለገሃርና በስታዲየም በኩል እያዘገምሁ፣ በመንገድ ላይ አንድ ሻይ ጠጥቼ ደረስሁ። እሳቸው አልደረሱም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቪኤይቱ ከመኪናው ጎርፍ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጥበቃው እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ፣ ሹፌሩ ዘልሎ ወርዶ በር ከፈተ፣ ኃላፊውም ቀዝቃዛ አየር እንደ ካባ እያስከተሉ ወረዱ። ወረቀቴን ዘርግቼ ሰገድ ስል ሰዓታቸውን አይተው፣ «መንገዱ ተዘግቶ ዘገየሁ፤ ነገ ቢሮ ና» አሉኝና ገቡ።

ሹፌሩ አውቆኝ ፈገግ አለ። ወደ ጥላው ጠጋ አድርጎ አቆመው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ወደ ቢሾፍቱ ጉዞ ጀመሩ።