ካርታ አዳዩ 10 ሲያሳይ

ከ21 ሳያልፉ ከካርታ አዳዩ የበለጠ ድምር ለመያዝ የሚሞከርበትን የብላክጃክ ቁማር መሠረታዊ ስልት የያዘውን ሰንጠረዥ ማንበብ የማባዣ ሰንጠረዥን ከማንበብ አይከብድም። በግራ በኩል የተጫዋቹ ድምር ተደርድሯል፤ በአናቱ ላይ ካርታ አዳዩ ገልጦ ያስቀመጠው ካርታ ከ2 እስከ አስ ተጽፏል፤ ረድፉና ዓምዱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ይገኛል። ኤች ካርታ ጨምር፣ ኤስ ባለህበት ቁም፣ ዲ ያስያዝከውን ገንዘብ አጥፈህ አንድ ካርታ ብቻ ተቀበል፣ ፒ ደግሞ ጥንዶቹን ለሁለት ክፈል ማለት ነው። አስ እንደ 11 የሚቆጠርበት እጅና ጥንድ ካርታዎች የየራሳቸው ክፍል አላቸው። ችግሩ የሚጀምረው ፊደሉ ከተነበበ በኋላ ነው፤ ሰው ምክር የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን ቆርጦ ከጨረሰ ወዲያ ነውና።

16 ይዞ አዳዩ 10 ያሳየበትን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች 8ቱ ከ21 አሳልፈው እንደሚያቃጥሉት ስለሚያውቅ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ሰንጠረዡ ግን ጨምር ይላል። ሰውየው በተሳሳተ ዓምድ ወርዶ እንደሆነ ብሎ ጣቱን እንደገና ከላይ ያስጀምራል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ በመጨረሻ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይላል። ጎረቤቱ «ቁም» ሲለው ፊቱ ይፈካል። በእርግጥ ሰንጠረዡም ቢሆን ታሸንፋለህ አላለውም፤ ቢቆምም ቢጨምርም ሽንፈቱ ያመዝናል፤ የመጨመሩ ኪሳራ ብቻ በጥቂቱ ያንሳል። ይህን የመሰለ መራራ ምክር ማን ይወዳል?

ፊደሎቹን ያስቀመጣቸው የማንም ስሜት አይደለም። ሮጀር ባልድዊን፣ ዊልበርት ካንቲ፣ ኸርበርት ማይሰልና ጄምስ ማክደርሞት የተባሉ አሜሪካውያን በውትድርና ሳሉ በጠረጴዛ ማስሊያ መኪና ደምረውና አባዝተው የደረሱበትን ስልት በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተሙ፤ ኋላም ኤድዋርድ ቶርፕ በኮምፒውተር ስሌቱን አጠራው። ይህ ሁሉ ልፋት «እኔ ግን ይሰማኛል» በሚል ተጫዋች ፊት ሚዛን አይደፋም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ከአዳዩ ቀድሞ በመጨረሻ የሚጫወተው ነው። 12 ይዞ አዳዩ 3 ሲያሳይ ሰንጠረዡ እንዳዘዘው ይጨምራል፤ 10 ይመጣበትና ይቃጠላል። ወዲያው ጠረጴዛው ሁሉ «አዳዩን የሚያቃጥለውን ካርታ ወሰድክብን!» ብሎ ይነሣበታል። በዚያው ካርታ ምክንያት አዳዩ የተቃጠለ ዕለት ግን የሚያመሰግነው አንድም ሰው የለም፤ ያልተገለጠ ካርታ ለመጥቀምም ለመጉዳትም ያለው ዕድል እኩል መሆኑን ለተቆጣ ሰው ማስረዳትም አይቻልም።

ሰንጠረዡን በቃሉ ያጠናውም ቢሆን አይተርፍም። አስና 7 ይዞ አዳዩ 9 ሲያሳይ መጨመር እንደሚገባው ያውቃል፤ ኢንሹራንስ፣ ማለትም አዳዩ አስ ሲያሳይ በሁለት ካርታ 21 ይሞላል ብሎ የሚያዝ ተጨማሪ ውርርድ፣ ሲቀርብለት በንቀት ያልፋል፤ ሌሎችንም ያርማል። ጥሩ ደንብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የቤቱን፣ ማለትም የቁማር ቤቱን፣ ብልጫ ወደ 0.5 በመቶ ገደማ ያወርድለት ነበር። ይሁንና የተቀመጠበት ጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ብላክጃክ የሚባለው እጅ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች የተሞላ 21፣ በ3 ለ2 ፈንታ 6 ለ5 እንደሚከፍል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ይህ ብቻውን የቤቱን ብልጫ በ1.4 በመቶ ገደማ መልሶ ይጨምረዋል። አስና ንጉሥ ሲደርሱት፣ ላስያዘው 10 በ15 ፈንታ 12 ይቆጠርለታል፤ እሱም ገንዘቡን ወደ ራሱ እየሰበሰበ «ዛሬስ ቀንቶኛል» ይላል።