እርማት፦ በ1952 የኤርትራ ምርጫ ስለ ፌዴሬሽን ድምፅ አልተሰጠም

ብዙዎቻችሁ «የኤርትራ ሕዝብ በ1952 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽንን መረጠ» የሚለውን ስትቀባበሉ አይቻለሁ። ምርጫ መደረጉ እውነት ነው፤ የተመረጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

ፌዴሬሽኑን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ውሳኔው ቁጥር 390 ሀ (5) ነው። የጸደቀው ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. (ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም.)፣ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ነው። ምርጫው የተካሄደው ከዚያ በኋላ፣ በመጋቢት 1952 እ.ኤ.አ.፣ አገሩን እንግሊዞች እያስተዳደሩ ሳለ ነበር። መራጩ የመረጠው 68 የምክር ቤት አባላትን ነው። ያውም በቀጥታ ድምፅ የሰጡት አስመራና ምጽዋ ብቻ ናቸው፤ በቀሩት አካባቢዎች ሕዝቡ መጀመሪያ ወኪሎችን መረጠ፣ ወኪሎቹ ደግሞ እንደራሴውን መረጡ። ምክር ቤቱም ሥራው በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር የተረቀቀውን ሕገ መንግሥት ተወያይቶ ማጽደቅ ነበር፤ ሐምሌ 10 ቀን 1952 እ.ኤ.አ. አጸደቀው።

ለማጣራት የውሳኔውን ጽሑፍ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በቁጥሩ ፈልጉት። አንቀጽ 1 ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንደምትሆን ይደነግጋል። ስታነቡ የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ፤ የእኛ 1944 እና የፈረንጆቹ 1952 ሲደባለቁ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የምክር ቤት ምርጫን ሕዝበ ውሳኔ ካደረግነው፣ ለኤርትራውያን የአገራቸው ዕጣ ጥያቄ በቀጥታ የቀረበው በ1993 እ.ኤ.አ. በተደረገው የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ መሆኑን እንሸፍናለን።