ጄሙልፖ የባንኮቹን ያህል ወዛደሮቹንም ያስታውስ

ብዙ ኢትዮጵያዊ የደቡብ ኮሪያዋን ከተማ ኢንቾንን የሚያውቃት በአየር ማረፊያዋ ነው። የኛም አየር መንገድ ወደዚያ ይበራል። መንገደኛው ግን ሻንጣውን እንደተቀበለ ፊቱን ወደ ሴኡል ያዞራል። የከተማዋን አሮጌ ወደብ የሚያይ ጥቂት ነው። ያ ሰፈር ደግሞ የዛሬዋ ኮሪያ ከዓለም ጋር የተገናኘችበት ዋነኛው በር ነበር።

የቀድሞ ስሙ ጄሙልፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ጃፓን በጦር መርከብ አስፈራርታ ኮሪያን የጋንግዋን ውል አስፈረመቻት። ቡሳን ወዲያው ለውጭ ንግድ ተከፈተ። በ1880 ዎንሳን፣ በ1883 ደግሞ ጄሙልፖ ተከተሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ይኖሩበት የነበረው ዳርቻ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሸነሸነ። ጃፓኖች የራሳቸውን ሰፈር ያዙ። ቻይናዎች ከጎናቸው ሰፈሩ። አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ኮረብታውን መረጡ። የጃፓንና የቻይና ሰፈሮች የሚዋሰኑበት የድንጋይ ደረጃ ዛሬም አለ። በአንዱ ወገን የቻይና፣ በሌላው ወገን የጃፓን ዓይነት የድንጋይ ፋኖስ ቆሞበታል። ኮሪያውያን በገዛ አገራቸው ከዚህ ሁሉ ዳር ቀሩ።

አሁን ይህ ሰፈር እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። በ2024 የወጣ ሕግ ጁንግ የሚባለውን ወረዳ ከሁለት ከፍሎ፣ አሮጌውን ወደብ ከጎረቤቱ ከዶንግ ወረዳ ጋር ያዋህደዋል። የአዲሱ ወረዳ ስም ጄሙልፖ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል የተቆረጠው ቀን ጁላይ 1፣ 2026 ነው። ከተማዋም አሮጌውን ወደብ ዳግም ነፍስ እንዝራበት እያለች ነው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ የማን ወደብ እንደሚታወስ ነው።

እስካሁን በደንብ የተያዘው የባለ ገንዘቦቹ ወደብ ነው። በ1899 የተሠራው የጃፓን አንደኛ ባንክ ቅርንጫፍ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በ1890 የተሠራው የ18ኛው ባንክ ሕንፃም እንደዚሁ። ሩሲያዊው ሳባቲን የነደፈው መናፈሻ ከ1888 ጀምሮ ኮረብታው ላይ አለ። የውጭ ሰዎች የሚዝናኑበት የጄሙልፖ ክለብም ከ1901 ጀምሮ እንደቆመ ነው። ሁሉም የሚያምሩ ናቸው፤ ሁሉም መጠበቅ አለባቸው። ነገር ግን በባንኮቹ ካዝና የገባው ገንዘብ ከየት መጣ? ከሩዝ ነው። ገጠሩ ያመረተው ሩዝ እዚህ እየተፈተገ ወደ ጃፓን ይጫን ነበር። በ1896 የሩዝ ዋጋ የሚገመትበት ገበያ ሁሉ ተከፍቶ፣ ብዙ ሰው ንብረቱን ቁማር እንደተጫወተ ሰው አጥቶበታል።

ሩዙን ከድንጋይና ከእንክርዳድ የሚለቅሙት ሴቶች ነበሩ። በትንሽ ደሞዝ ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ። ሥራ ማቆም አድማ የመቱበትም ጊዜ ነበር። ወደቡ ላይ ደግሞ ጫኝና አውራጆች አሉ። የኢንቾን ባሕር እስከ 9 ሜትር ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል። ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ ነው። ስለዚህ ትልቅ መርከብ ራቅ ብሎ ይቆምና ዕቃው በጀልባ፣ ከዚያም በሰው ጀርባ ይመጣል። ጂጌ የሚሉትን የእንጨት መሸከሚያ የታጠቁ ወንዶች ያንን ንግድ ሁሉ ተሸክመውታል ቢባል ማጋነን አይደለም። ውኃውን በበር የሚይዘው የመርከብ ማቆሚያ ያለቀው በ1918 ነው።

ያንን ማቆሚያ ከሠሩት መካከል እስረኞች ነበሩበት። አንዱ በኋላ የኮሪያን የስደት መንግሥት የመራው ኪም ጉ ነው። ከሌላ እስረኛ ጋር በሰንሰለት ታስሮ አፈር ይሸከም ነበር። ሸክሙ ከመክበዱ የተነሣ ዘልሎ ለመሞት እስከማሰብ ደርሶ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ኪም ጉ ታላቅ ሰው ስለሆነ ይታወሳል፤ ይገባዋልም። ከጎኑ አፈር የተሸከመውስ?

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በ2017 የጁንግ ወረዳ አስተዳደር ከ100 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ቀይ የጡብ ፋብሪካ አፈረሰ። በ1912 የተሠራ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ዛሬ በኮሪያ ስሙ የታወቀ አንድ ትልቅ ኩባንያ የተነሣው ከዚያ ነው። የፈረሰው ለመኪና ማቆሚያ ነው። አጠገቡ ግድግዳው በተረት ሥዕሎች ያሸበረቀ መንደር አለ፤ ጎብኚዎቹ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ጠፋ ተባለ። ከዚያ በፊት በ2012 ሶጁ የሚባለው የኮሪያ አረቄ የሚወጣበት አንድ አሮጌ መጥመቂያም እንዲሁ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ፈርሷል።

የሳሙና ፋብሪካው በፈረሰ በዓመቱ፣ በ2018፣ እዚያው ወረዳ ውስጥ ዴቡል ሆቴል ተመረቀ። ዴቡል በ1888 የተከፈተ፣ በኮሪያ የመጀመሪያው የምዕራባውያን ዓይነት ሆቴል ነው። ዋናው ሕንፃ ግን በ1978 ፈርሷል። አሁን የቆመው በድሮው መሠረት ላይ የተሠራ ቅጂ ነው። እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ለሀብታም እንግዶች ሆቴል ቅጂ ይሠራል፤ ለሠራተኞች ፋብሪካ ዋናው እንኳ አይተርፍም። ወጪ ተመድቦ ቅጂ የሚሠራ ከሆነ፣ የቆመውን ጡብ ማዳን እንዴት ይከብዳል?

የሚቃወሙኝ ኮሪያውያን እንዳሉ አውቃለሁ። የጃፓን ዘመን ሕንፃ የቁስል ምልክት ነው፣ ለምን እንንከባከበው ይላሉ። ስሜቱን አከብረዋለሁ። በ1995 ሴኡል መሐል የነበረው የቅኝ ገዢው ጠቅላይ ቢሮ ሲፈርስ ብዙዎች ዕፎይ ብለዋል። ቤተ መንግሥቱን ጋርዶ የቆመ የሥልጣን ምልክት ነበር፤ ያ ውሳኔ ይገባኛል። ፋብሪካና መጋዘን ግን ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ ላባቸውን ያፈሰሱት ኮሪያውያን ናቸው። ሕንፃው ሲፈርስ የሚጠፋው የእነሱ ምስክር ነው። የጃፓን ባንክ ሙዚየም ሆኖ ኮሪያውያን የሠሩበት ፋብሪካ ሲፈርስማ ነገሩ ተገለበጠ።

የጎብኚ ዓይን ብቻ ሲታሰብ ምን እንደሚመጣም አይተናል። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያሉ ተራ ሕንፃዎች ጃፓናዊ እንዲመስሉ የእንጨት ግንባር ተለጥፎባቸው ነበር። የጃፓን የዕድል ድመት ሐውልቶችም ቆመው በ2019 ሕዝቡ ሲቆጣ ተነሥተዋል። ቻይናታውንም የራሱ ጉድለት አለው። ጎብኚው ጃጃንግምዮን የተባለውን ጥቁር ለውስ ያለበት ፓስታ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ዝነኛው የጎንግዋቹን ምግብ ቤት ሕንፃ ከ2012 ጀምሮ የዚሁ ምግብ ሙዚየም ነው፤ ጥሩ ነው። በ1931 ግን ከዚሁ ከኢንቾን የተነሣ ሁከት በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ ቻይናውያንን አስገድሏል። ከኮሪያ ጦርነት በኋላም የመሬት ባለቤትነት ገደብ ብዙዎቹን ወደ ሌላ አገር ገፋ። ይህም ከምግቡ እኩል መነገር አለበት።

መልካም ምሳሌ የለም ማለት አይደለም። አሮጌ መጋዘኖች በ2009 የአርቲስቶች መሥሪያ ሆነዋል። ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ጠባብ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። የወደብ ጫኝና አውራጆችን የሚያሠማራ ድርጅት ቢሮ ነበር። አንድ የግል ባለቤት ገዝቶ በጥንቃቄ አድሶት አሁን ካፌ ሆኗል። በ2013 በመንግሥት ቅርስነት ተመዝግቧል። የወዛደሩ ታሪክ በቤቱ ውስጥ አለ፤ ቤቱም በንግዱ ራሱን ይችላል። ይህን የሠራው አንድ ሰው ነው። ወረዳ ቢሆን ኖሮ ስንት በሠራ!

ለዚህም ነው አዲሱን ወረዳ በጉጉት የማየው። ዶንግ ወረዳ የፋብሪካ ሰፈር ነው። በ1917 የተቋቋመው የክብሪት ፋብሪካ እዚያ ነበር፤ አሁን ትንሽ ሙዚየም ያስታውሰዋል። የዶንጊል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እዚያ ነው። በ1978 የሠራተኛ ማኅበራቸውን ለመምረጥ የወጡ ሴቶች ሰገራ ተደፋባቸው። ብዙም ሳይቆይ 124ቱ ተባረሩ። ያ ግፍ የኮሪያ የሠራተኞች ንቅናቄ የማይረሳው ታሪክ ነው። የፋብሪካው ማሽኖች ዛሬ ቆመዋል፤ የቦታው ዕጣ ግን ገና አልለየለትም።

ባንኮቹና ፋብሪካዎቹ በአንድ አስተዳደር ሥር ሲሆኑ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ መሆን አለበት። መጋዘን፣ የሩዝ መፈተጊያ፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ፋብሪካ አንድ በአንድ ይመዝገብ። የሠሩበት አረጋውያን በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ አንድም የማፍረሻ ፈቃድ አይሰጥ። ከዶንጊል ይጀመር።