መርሐ ግብሩን ከቢሮ አውጡት

ብዙ የአዲስ አበባ የግንባታ ሳይት ቢሮዎች ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት አይጠፋም። በኮምፒውተር የተሠራ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በቀጫጭን መስመሮች የተሞላ መርሐ ግብር ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው ኮንሰልታንት ሲመጣ ያየዋል። አናጺውና ፌሮ አሳሪው ግን ቢሮው ውስጥ መግባታቸውም ያጠራጥራል። ታዲያ ለማን ነው የተለጠፈው?

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃውል ሳይቶችን ሲያጠኑ፣ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በጊዜው የሚያልቀው ግማሽ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። "ላስት ፕላነር" (የመጨረሻው አቃጅ) የተባለው አሠራር የእነሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዕቅዱን ሥራውን የሚመራው ፎርማን ራሱ ያውጣ፣ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ። ዕቃውም ባለቀለም ወረቀትና ማርከር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙያ አንድ ቀለም።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ዓርብ ይሞላል እንበል። ወደ ኋላ እንቁጠር። ሐሙስ ኮንሰልታንቱ አይቶ ይፈርማል። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ ቱቦ ይዘረጋል። እሱ የታችኛው ፌሮ ሳይታሰር አይገባም፤ ፌሮው ደግሞ የእንጨት ቅርጹን የሚሠራውን አናጺ ይጠብቃል። ሁሉም ወረቀቱን ሲለጥፍ የኤሌክትሪሺያኑ ቀለም ከሌለ ሰኞ ዕለት ያስታውቃል። እኛ ጋ ይህ ጉድ የሚታወቀው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ሚክሰሩ ተነስቶ፣ የቀን ሠራተኛው ተሰልፎ።

ቅዳሜ ይቆጠራል። ከ10 ሥራ 6ቱ ካለቁ 60 በመቶ ነው። "ትንሽ ነው የቀረው" አይሠራም፤ ያላለቀ ዜሮ ነው። ለምን እንዳላለቀም እዚያው ይጻፋል።

እኔን የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው። ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስፋፋው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሰሌዳ እጥረት የለብንም። እንግዳ ሲመጣ የሚወለወል ሰሌዳ ሞልቷል። ፎርማኑ እውነቱን ጽፎ ደመወዙ ከተቆረጠ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚጽፈው ቀላል ቀላሉን ብቻ ነው። ቁጥሩ 100 በመቶ ይሆናል፣ ሕንፃው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ከቅጣት ጋር የሚያያይዝ አለቃ ሰሌዳውን ባይሰቅል ይሻላል።

"ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ ሰሌዳ ምን ይሠራል?" የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ የሚያስፈልገው ያኔ ነው እላለሁ። ሲሚንቶው ሳይት ሳይገባ የሙሌት ወረቀት አይለጠፍ። ሠራተኛውም ዕቃው የተሟላለት ሌላ ሥራ ከዋዜማው ይሰጠው።